በዶክ በኩል የሚቆራረጥ የኬብል ኢንተርኔት፦ ያለውን ማስተካከል፣ አዳፕተር መግዛት ወይስ ዶኩን መቀየር?

ላፕቶፕን ከዶክ (ብዙ ዕቃዎች ከሚሰኩበት ማገናኛ ሳጥን) ጋር በአንዲት ኬብል አገናኝቶ ስክሪኑንም፣ ማውሱንም፣ ቻርጁንም፣ የኔትወርክ ኬብሉንም በእሷ በኩል ማግኘት ጠረጴዛን ከኬብል ጫካ የሚያድን አሠራር ነው። የሚያስመርረው ይኸው አሠራር በቀን ሦስት አራት ጊዜ ኢንተርኔቱን ሲያቋርጥ ነው፤ በስብሰባ መካከል ድምፅ ይቆረጣል፣ በስክሪኑ ጥግ ያለችው የኔትወርክ ምልክት ትለወጣለች፣ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ቆይቶም ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ባለቤቱ ምክር ሲጠይቅ አንዱ «ዶኩን ቀይረው» ይለዋል፣ ሌላው «ትንሽ አዳፕተር ግዛ» ይለዋል፣ ሦስተኛው «ዋይፋይ እያለ ኬብል ምን ያደርግልሃል» ይለዋል። ሦስቱም አንዳንድ ጊዜ ልክ ናቸው። የትኛው መቼ ልክ እንደሚሆን ለመለየት ግን ከዋጋ በፊት የሚቆረጠው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በምሠራበት የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገናው የእኔ ድርሻ ነው። «ዶኩ ተበላሽቷል» ተብሎ ከተነገረኝ ውስጥ በአብዛኛው ዶኩ አልተበላሸም ነበር፤ ይህንንም ያወቅሁት አንዳንዶቹን በከንቱ ከቀየርኩ በኋላ ነው።

## የሚቆረጠው የቱ ነው?

ከላፕቶፑ እስከ ኢንተርኔት ያለው መንገድ አራት ክፍል አለው፦ ላፕቶፑን ከዶኩ የሚያገናኘው የዩኤስቢ-ሲ ወይም የተንደርቦልት ኬብል፣ በዶኩ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ቺፕ፣ ከዶኩ እስከ ስዊች (የብዙ ኮምፒውተሮችን ኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) ወይም ራውተር የሚሄደው የኔትወርክ ኬብል፣ በመጨረሻም ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር። የትኛውም ቢበጠስ ለተጠቃሚው ያው «ኢንተርኔት ሄደ» ነው፤ መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

የመጀመሪያው መለያ ዐይን ብቻ ይጠይቃል። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ከዶኩ ጋር የተያያዘው ስክሪን ጨለም ብሎ ከተመለሰ፣ ማውሱ ለአፍታ ከቆመ፣ ወይም ዊንዶውስ ዕቃ ሲነቀልና ሲሰካ የሚያሰማውን ድምፅ ካሰማ፣ የወደቀው ኔትወርኩ ብቻ ሳይሆን ዶኩ በሙሉ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የኔትወርክ ሴቲንግ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚጠረጠሩት የዶኩ የኃይል አቅርቦት፣ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ኬብልና የላፕቶፑ ፖርት ናቸው። ስክሪኑና ማውሱ ሳይነቃነቁ ኢንተርኔቱ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ወደ ዶኩ ጀርባ ዞሮ የኔትወርክ ጃኩን መብራቶች ማየት ነው። መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና ከበሩ ግንኙነቱ በአካል ተቋርጦ ነበር ማለት ነው፤ ሳይጠፉ ኢንተርኔቱ ብቻ ከሄደ ችግሩ በአብዛኛው ራውተሩ ላይ፣ በአድራሻ አሰጣጡ ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ነው።

ሁለተኛው መለያ ሁለት የፒንግ (ወደ አንድ አድራሻ አጭር ጥያቄ እየላከ መልስ መምጣቱን የሚያሳይ ትእዛዝ) መስኮቶችን ጎን ለጎን ከፍቶ መተው ነው፤ አንዱ ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወደሆነው፣ ሌላው ወደ ጉግል የሕዝብ ዲኤንኤስ፣ ማለትም ወደ 8.8.8.8፣ ያለማቋረጥ ይልካሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከቆሙ ጥፋቱ ራውተሩ ራሱ ላይ ወይም ከራውተሩ ወዲህ ነው። ከራውተሩ መልስ እየመጣ ከውጭ የሚጠበቀው ብቻ ከቀረ ግን ዶኩ ንጹሕ ነው፤ በሺዎች ብር አዲስ ዶክ ቢገዛም ለውጥ አይኖርም። ሦስተኛው መለያ ያንኑ የኔትወርክ ኬብል ከዶኩ ነቅሎ የኔትወርክ ጃክ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ለግማሽ ቀን ሰክቶ መከታተል ነው፤ እዚያም ከተቆራረጠ ወንጀለኛው ኬብሉ ወይም ስዊቹ ነው።

ይህ ሦስተኛው መለያ ቀላል ስለሚመስል የሚዘለል ነው፤ እኔም ዘልዬው ዋጋውን ከፍያለሁ። በሒሳብ ክፍል ለምትሠራ ባልደረባችን ዶኩ ሁለት ጊዜ ተቀይሮላት መቆራረጡ አልቆመም ነበር። በመጨረሻ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ የኬብሉን ጫፍ በስልክ መብራት ስመለከተው፣ በብርሃን አስተላላፊው ፕላስቲክ ውስጥ ስምንተኛዋ ቡናማ ሽቦ ከሌሎቹ የጤፍ ፍሬ ያህል አጥራ ቆማለች፤ ወንበሯን ወደኋላ በገፋች ቁጥር የወንበሩ እግር ኬብሉን ይነካዋል፣ ሽቦዋም ትላቀቃለች። ከዶኩ በፊት የነበረው አሮጌ ኮምፒውተር በዚያው ኬብል ለዓመታት ያለ ችግር የሠራው 100 ሜጋቢት ስለነበር ነው። የ100 ሜጋቢት ግንኙነት ከአራቱ ጥንድ ሽቦዎች ሁለቱን፣ የብርቱካናማውንና የአረንጓዴውን ጥንድ ብቻ ይጠቀማል፤ ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) ግን አራቱንም ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሰማያዊው ወይም የቡናማው ጥንድ ጉድለት የሚገለጠው ጊጋቢት ዶክ ሲመጣ ነው። ጫፉን ቆርጬ አዲስ ማያያዣ ስመታለት ነገሩ አበቃ።

## መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምንመዝንባቸው ነጥቦች አምስት ናቸው፤ እኩል ክብደት ግን የላቸውም። ከሁሉ የሚቀድመው ጽናት ነው፦ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ፣ ትልቅ ፋይል ሲወርድ፣ ሁለተኛ ስክሪን ሲሰካና ሲነቀል ግንኙነቱ ይቆያል ወይስ ይወድቃል? ሁለተኛው መብራት ብልጭ ሲል የሚሆነው ነው፤ ኃይል በማይቋረጥበት አገር የሚጻፉ መመሪያዎች ይህን እምብዛም አያነሡትም፣ እኛ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ዝቅ ልናደርገው አንችልም። ሦስተኛው ከላፕቶፑና ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጋር መስማማቱ ነው፤ ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይፈልጋል ወይ፣ ላፕቶፑ ትክክለኛው ፖርት አለው ወይ፣ ኔትወርኩ የተመዘገበ የማክ አድራሻ (እያንዳንዱ የኔትወርክ ቺፕ ያለው መለያ ቁጥር) ብቻ የሚያስገባ ከሆነስ? አራተኛው ዋጋ ነው።

ፍጥነትን ሆነ ብዬ መጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። ጥሩ ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ ወደ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃዋል፤ የቤቱ ወይም የመሥሪያ ቤቱ መስመር 50 ሜጋቢት ከሆነ 2.5 ጊጋቢት የሚል ጽሑፍ ያለበት ዶክ ለኢንተርኔቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ፍጥነቱ ቁም ነገር የሚሆነው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ካለ የፋይል ማስቀመጫ ትልልቅ ቪዲዮና ምስል ለሚያመላልስ ሰው ነው።

## አንደኛው አማራጭ፦ ያለውን ማስተካከል

ምንም የማያስወጣ በመሆኑ የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ የተቆረጠው ኔትወርኩ ብቻ ከሆነም ብዙ ጊዜ የሚበቃው ይኸው ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው የኔትወርክ ኬብሉን መቀየር ነው። በገበያ ላይ «ካት 6» (የኬብል ደረጃ ስም ነው) ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው ውስጥ ሽቦው ሙሉ መዳብ ያልሆነ፣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም የሆነ አለ፤ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ በቀላሉ ይሰበራል፣ የደረጃውንም መስፈርት አያሟላም። እውነተኛ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ለጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ድረስ ይበቃል፤ ስሙ ከፍ ያለ ውሸተኛ ኬብል ከመግዛት ስሙ ዝቅ ያለውን እውነተኛ መግዛት ይሻላል።

ቀጥሎ ኃይል ቆጣቢ ሴቲንጎቹ ይጠፋሉ። በዶኩ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ በዩኤስቢ የተገናኘ ነው፤ ሪልቴክ አርቲኤል 8153 የተባለው የጊጋቢት ቺፕ በብዙ ዶኮችና አዳፕተሮች ውስጥ ይገኛል፣ ታላቅ ወንድሙ አርቲኤል 8156 ደግሞ 2.5 ጊጋቢት ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሥራ የፈታ የመሰለውን የዩኤስቢ ዕቃ ያስተኛል፤ ቺፑ ሲነቃ ከዘገየ ወይም ጨርሶ ካልነቃ ለተጠቃሚው መቆራረጥ ሆኖ ይታያል። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርክ አዳፕተሩን (የዶኩ ቺፕ እዚያ የሚጠራው በዚህ ስም ነው) ከፍቶ በፓወር ማኔጅመንት ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ይህ ገጽ ላይታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ ላይ «ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ»፣ «ግሪን ኢተርኔት» እና «ኢነርጂ ኤፊሸንት ኢተርኔት» የሚሉት ካሉ እነሱን ማጥፋት ተመሳሳይ ውጤት አለው። የመጨረሻው በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ደረጃ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ዕቃዎች በደንብ ከተገበሩት ጉዳት የለውም፣ ከአንዳንድ አሮጌ ስዊቾች ጋር ግን አይስማማም። በሊኑክስ የሚሠራ ሰው የዩኤስቢ ኦቶሰስፔንድን (ዕቃን በራሱ የሚያስተኛውን ሴቲንግ)፣ በተለይ ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም ከጫነ፣ ይመልከት።

ፍጥነቱን በእጅ ወደ 100 ሜጋቢት ዝቅ ማድረግ ለምርመራ ጥሩ ነው፤ ዝቅ ሲል መቆራረጡ ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ኬብሉ ይዞራል። እንደ መፍትሔ ግን እንዲሁ መተው አይገባም፤ አንዱ ጫፍ ሙሉ ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ የሚልክም የሚቀበልም) ተብሎ በግድ ሲታሰር ሌላው ጫፍ ራሱን ግማሽ ዱፕሌክስ (በተራ ብቻ የሚያደርግ) ያደርጋል፣ ያን ጊዜ መስመሩ ሳይቆረጥ ዘገምተኛ ይሆናል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

የድራይቨርና የፈርምዌር (በዶኩ ውስጥ የሚኖረው ፕሮግራም) ማሻሻያ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ድራይቨሩ ቢበላሽ መልሶ መጫን ይቻላል። የዶኩ ፈርምዌር ግን በመታደስ ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ዶኩ ላይነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ ዶኩ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመጠባበቂያ ኃይል ሳጥን) ላይ ተሰክቶ ካልሆነ አይጀመር።

## ሁለተኛው አማራጭ፦ ከላፕቶፑ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አዳፕተር

ይህ ከጣት ብዙም የማይበልጥ ዕቃ በአንድ በኩል ዩኤስቢ፣ በሌላው የኔትወርክ ጃክ አለው። ውስጡ ያለው ቺፕ ብዙ ጊዜ በዶኩ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ታዲያ ለምን ይሻላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ መንገዱ ላይ ነው። በዶክ ውስጥ ያለው ቺፕ ከስክሪኑ፣ ከኪቦርዱ፣ ከውጭ ዲስኩና ከቻርጁ ጋር አንድ ኬብልና አንድ የውስጥ ሀብ (አንዱን የዩኤስቢ መስመር ለብዙ ዕቃ የሚያከፋፍል ክፍል) ይጋራል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲነቃነቅ ሁሉም አብረው ሊነቃነቁ ይችላሉ። አዳፕተሩ ግን ብቻውን ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ ደግሞ ሌላ ትልቅ ብልጫ አለው። መብራት ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አይጠፋም፤ ዶኩ ግን ከግድግዳው ሶኬት ስለሚመገብ ይጠፋል፣ ተመልሶ እስኪነሣም ስክሪኑም ኔትወርኩም አይኖርም። አዳፕተሩ ኃይሉን የሚወስደው ከላፕቶፑ ባትሪ በመሆኑ መብራቱ መጥፋቱን አያውቅም፤ ራውተሩና ስዊቹ በመጠባበቂያ ኃይል እስካሉ ድረስ ስብሰባው ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በገበያ የሚገኙ ብዙ ትንንሽ ሀቦች ከኔትወርክ ጃኩ ጋር ቻርጅ የሚያሳልፍ ፖርት አላቸው፤ ቻርጀሩ በእነሱ በኩል ከተሰካ መብራት ሲጠፋ ሀቡና ላፕቶፑ ኃይል ማን ለማን እንደሚሰጥ እንደገና ይደራደራሉ፣ በዚያች ቅጽበት በሀቡ ላይ ያለው ሁሉ ተነቅሎ እንደተሰካ ይሆናል። ስለዚህ ለጽናት የሚፈለገው አዳፕተር የኔትወርክ ጃክ ብቻ ያለው፣ ሌላ ምንም የማይጨምረው ነው፤ ርካሹም እሱ መሆኑ ደስ ይላል።

ጉድለቶቹ ሦስት ናቸው። አንድ ፖርት ይይዛል፤ አንድ የዩኤስቢ-ሲ ፖርት ብቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ በጎን ባለው የተለመደው ዩኤስቢ የሚሰካውን ዓይነት መግዛት ያስፈልጋል፤ እሱም ፖርቱ ዩኤስቢ 3 ሲሆን ነው ጊጋቢት የሚሰጠው። ሁለተኛ፣ የ«አንዲት ኬብል» ምቾት ይቀራል፤ ላፕቶፑን በቀን አምስት ጊዜ ለሚያነሣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሦስተኛ፣ አዳፕተሩ የራሱ የማክ አድራሻ ስላለው አድራሻ በሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ካልተመዘገበ አይገባም።

ከመፍትሔነቱ ሌላ የምርመራ መሣሪያም ነው። ያንኑ የኔትወርክ ኬብል ከዶኩ ወደ አዳፕተሩ አዙሮ ሁለት ቀን መሥራት፣ ዶክ መቀየር ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ ከማንኛውም ባለሙያ ግምት በተሻለ ይናገራል።

## ሦስተኛው አማራጭ፦ ዶኩን መቀየር

ዶክ የሚለው ስም በውስጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል፤ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ የሚሰኩበት ቀዳዳም አንድ ቅርጽ ሊሆን ይችላል፣ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ተራው የዩኤስቢ-ሲ ዶክ የስክሪኑን ምልክት ከላፕቶፑ የምስል ቺፕ እንዳለ ይወስዳል። በዩኤስቢ-ሲ ኬብል ውስጥ አራት ፈጣን መስመሮች አሉ፤ ሁለቱ ለስክሪን ሁለቱ ለመረጃ ሲሆኑ ኔትወርኩ ሙሉ ጊጋቢቱን ያገኛል። ሁለት ስክሪን ወይም አንድ ከፍተኛ ጥራት ያለው ስክሪን ሲሰካ ግን አንዳንድ ዶኮች አራቱንም መስመር ለስክሪኑ ይሰጡና መረጃው ሁሉ በዩኤስቢ 2 መንገድ፣ በ480 ሜጋቢት ጣሪያ ሥር፣ ኔትወርኩም ዲስኩም አንድ ላይ ተጨናንቀው ይሄዳሉ። ይህ በራሱ ግንኙነቱን አይቆርጥም፤ ሆኖም ስክሪን በተሰካና በተነቀለ ቁጥር መስመሮቹ እንደገና ስለሚከፋፈሉ ኔትወርኩ ለጥቂት ሰከንድ ሲወድቅ ይታያል። ሌላው የዚህ ዓይነት ዶክ ችግር የሚቀያየር ኬብሉ ነው፤ ከስልክ ጋር የመጣ የዩኤስቢ-ሲ ኬብል ቻርጅ ቢያደርግም ብዙውን ጊዜ መረጃ የሚያሳልፈው በዩኤስቢ 2 ብቻ ነው፣ ስክሪንም አያወጣም።

ዲስፕሌይሊንክ ዶክ ከዚህ ይለያል፤ የስክሪኑን ምስል በላፕቶፑ ፕሮሰሰር አሳንሶ እንደ ማንኛውም መረጃ በዩኤስቢ ይልከዋል። ጥቅሙ የተለመደው ዩኤስቢ ብቻ ባለው አሮጌ ላፕቶፕም፣ ከአንድ በላይ የውጭ ስክሪን በማይፈቅዱት መደበኛ የኤም 1 እና የኤም 2 ማክቡኮችም ላይ ብዙ ስክሪን ማውጣቱ ነው። ከኔትወርክ አንጻር ግን ምስሉና ኢንተርኔቱ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ፣ ሁሉም በድራይቨሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስርዓተ ክወናው በታደሰ ማግሥት ችግር መነሣቱ የተለመደ ነው። የኬብል ኢንተርኔት ዋና ጉዳዩ ለሆነ ሰው፣ ስክሪኖቹ ካላስገደዱት በቀር፣ ይህን አልመክርም።

ተንደርቦልት ወይም ዩኤስቢ 4 ዶክ እስከ 40 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ሰፊ መንገድ ስላለው ስክሪኑና ኔትወርኩ አይጋፉም። በአንዳንዶቹ ውስጥ የኔትወርክ ቺፑ በዩኤስቢ ሳይሆን ላፕቶፑ ውስጥ እንደተሠራ ያህል በፒሲአይ ኤክስፕረስ የተገናኘ የኢንቴል ቺፕ ነው፤ የዩኤስቢ ማስተኛት ችግር አይነካውም። በአንዳንዶቹ ግን፣ ዋጋቸው ውድ ሆኖም፣ ውስጣቸው ያው የዩኤስቢ ቺፕ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ሳይሆን በዝርዝር መግለጫው ላይ ያለው የኔትወርክ ቺፕ ስም ነው። ላፕቶፑም ፖርቱ አጠገብ የመብረቅ ምልክት (የተንደርቦልት መለያ) እንዳለው ይመርመር፤ ፖርቱ ተራ ዩኤስቢ-ሲ ከሆነ ዶኩ ወይ ጨርሶ አይሠራም ወይ እንደ ተራው ዶክ ይሠራል፣ የተከፈለበት ልዩነትም ባክኖ ይቀራል።

ብዙ ዶክ ለሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር ልጨምር። የላፕቶፑን የማክ አድራሻ ለኔትወርኩ የሚያሳልፍ ዶክ ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ከራሱ አምራች ላፕቶፖች ጋር ብቻ ነው። ሌላው፣ አንዳንድ ዶኮች ላፕቶፑ ሲተኛ የኔትወርክ ቺፓቸው «ቆይ፣ አትላክ» የሚሉ ፖዝ ፍሬሞችን ያለማቋረጥ ወደ ስዊቹ ይረጫሉ፤ አንዱ ለምሳ ላፕቶፑን ከድኖ ሲወጣ የረድፉ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት የሚያጣበት ምሥጢር አንዳንዴ ይህ ነው። መድኃኒቱ የፈርምዌር ማሻሻያ ወይም በስዊቹ ላይ ፍሎው ኮንትሮልን ማጥፋት ነው።

## አራተኛው አማራጭ፦ ለዶኩ የመጠባበቂያ ኃይል

መቆራረጡ ከመብራት ጋር የሚገጥም ከሆነ የትኛውም አዲስ ዶክ አይፈታውም። ለራውተር የሚሸጡት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት መጠባበቂያዎች ራውተሩን ለሰዓታት ያቆያሉ፤ ዶክ ግን ብዙውን ጊዜ 20 ቮልት ገደማና በርካታ አሥር ዋቶች ስለሚፈልግ በእነሱ አይሠራም፣ ሶኬት ያለው መደበኛ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። የዶኩ የኃይል ማቅረቢያ በአብዛኛው ከ90 እስከ 180 ዋት የሚል ስለሆነ ስክሪኑን ጨምሮ አስልቶ መግዛት ነው። ዩፒኤሱ የሚያስፈልገው ለረጅም ሰዓት ሥራ ሳይሆን ለእነዚያ ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ብልጭታዎች ከሆነ ትንሹ ይበቃል። አዳፕተር በመግዛት የሚገኘው ጥቅም ግን ስክሪኑን አይጨምርም፤ ስክሪኑም እንዳይጠፋ የሚፈልግ ሰው ወደ ዩፒኤስ መሄዱ አይቀርም።

## አምስተኛው አማራጭ፦ ዋይፋይ

እንደ ጊዜያዊ መውጫ ያገለግላል። ነገር ግን ዩኤስቢ 3 ዕቃዎችና ኬብሎች በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ጩኸት እንደሚያወጡ ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል፤ ዶክ አጠገብ የተቀመጠ ላፕቶፕ በ2.4 ቢደክም አይገርምም። 5 ጊጋኸርትዝን መምረጥ ይሻላል።

## በአንድ ገጽ ሲታዩ

ዋጋዎቹ በዶላር የተሰጡ ግምቶች ናቸው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን በብር ብጽፈው ሳይውል ሳያድር ይሳሳታል።

| አማራጭ | የሚፈታው | የማይፈታው | መብራት ብልጭ ሲል | ግምታዊ ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ኬብልና ሴቲንግ ማስተካከል | የኬብል ጉድለት፣ የቺፕ መተኛት | የዶክ በሙሉ መውደቅ | ዶኩ ይጠፋል | ከምንም እስከ 10 ዶላር |
| ቀጥታ አዳፕተር | የዶክ ቺፕ፣ የሀብ መጨናነቅ | የኬብል፣ የራውተር ችግር | ይቆያል፣ ራውተሩ ካልጠፋ | ከ15 እስከ 30 ዶላር |
| ተራ የዩኤስቢ-ሲ ዶክ | የተበላሸ ዶክ | በስክሪን ብዛት የሚመጣ መጨናነቅ | ይጠፋል | ከ100 እስከ 250 ዶላር |
| ዲስፕሌይሊንክ ዶክ | የስክሪን ብዛት | የድራይቨር ጣጣ | ይጠፋል | ከ150 እስከ 300 ዶላር |
| ተንደርቦልት ወይም ዩኤስቢ 4 ዶክ | መጨናነቅ፣ እንደ ቺፑ ዓይነት መተኛትም | የኬብል፣ የኃይል ችግር | ይጠፋል | ከ200 እስከ 400 ዶላር |
| ዩፒኤስ | ከመብራት ጋር የሚገጥም መቆራረጥ | ሌላውን ሁሉ | ይቆያል | እንደ አቅሙ |
| ዋይፋይ | ጊዜያዊ መውጫ | ጽናት የሚፈልግ ሥራ | ይቆያል፣ ራውተሩ ካልጠፋ | ያለ ወጪ |

## የትኛው ለማን?

ቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት ለሚሠራ፣ ስብሰባ የሚበዛበት፣ በጀቱም ለጠበበ ሰው የእኔ ምርጫ ጥርጥር የለውም፦ የኔትወርክ ጃክ ብቻ ያለው አዳፕተርና ለራውተሩ ባለ 12 ቮልት መጠባበቂያ። ዶኩ ለስክሪኑና ለቻርጁ እንደነበረ ይቆይ። ይህ ጥምረት ባለ 300 ዶላር ዶክ የማይሰጠውን ይሰጣል።

መብራት ብዙም በማይጠፋበት አገር፣ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በዱባይ፣ የሚኖር አንባቢ የኃይሉን ነገር ዘልሎ ከሴቲንጎቹ ይጀምር፤ ካልሆነለትና ዶኩ ገና በዋስትና ላይ ከሆነ የሁለት ቀን የአዳፕተር ሙከራውን ውጤት ይዞ ምትክ ይጠይቅ። «ይቆራረጣል» ከማለት ይልቅ «በዚሁ ኬብል በሌላ አዳፕተር ሁለት ቀን አልተቆረጠም» ማለት ክርክሩን ያሳጥራል።

ሁለት ስክሪንና በሕንፃው ውስጥ ያለ የፋይል ማስቀመጫ ለሚጠቀም የቪዲዮ ወይም የንድፍ ባለሙያ፣ ላፕቶፑ የመብረቅ ምልክት ካለው፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ የተገናኘ የኔትወርክ ቺፕ ያለው ተንደርቦልት ዶክ ገንዘቡን የሚያወጣ ነው፤ ዩፒኤስ ግን አብሮ ይገዛ። ብዙ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሁለት ዶክ ብቻ ቀድሞ ገዝቶ ከራሱ ስዊችና ከራሱ ላፕቶፖች ጋር ለሁለት ሳምንት፣ ላፕቶፖቹን ሌሊት እያስተኛ ጭምር፣ ይሞክር።

ያገለገለ ዶክ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ሳያይ ገንዘብ አይክፈል። የመጀመሪያው የራሱ የኃይል ማቅረቢያ አብሮ መኖሩ ነው፤ ዋቱ ያነሰ ምትክ ከመጣ ስክሪን ሲሰካና ባትሪ ሲሞላ ዶኩ ኃይል እያጠረው ይወድቃል። ሁለተኛው የኬብሉ ጫፍ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ በቀስታ ሲነቃነቅ ስክሪኑ ብልጭ ካለ ይተው። ሦስተኛው የራስን ላፕቶፕና የራስን የኔትወርክ ኬብል ይዞ ሄዶ፣ ፒንጉን ከፍቶ፣ ላፕቶፑን ከድኖ አስተኝቶና መልሶ ከፍቶ ማየት ነው፤ ከነቃ በኋላ ኔትወርኩ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ቤትም ሲደርስ አይመለስም።